ስድስት ጊዜ «አለሁ»

መስከረም 21 ቀን 2014 ዓ.ም.
ስሙን እንዳልጽፈው ከተከለከልኩት ወንዝ ዳር

ይድረስ ለአባቴ የአጎት ልጅ፣ ለአቦቦ ሕፃናት ሁሉ ማስፈራሪያ፣ ለነርስ የትናየት፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? መድኃኔዓለም ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ መርፌሽንም ያደንዝልኝ። እኔ እንደ አልዌሮ ወንዝ ትንኝ ደህና ነኝ፤ እሷን ደግሞ ምንም እንደማይገድላት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደብዳቤ የምጽፈው መጻፍ ናፍቆኝ አይደለም። እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። ስልካችንን ሰብስበው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተቱት እንጂ። ደብዳቤ ግን ይፈቀዳል፤ በሻለቃው መኪና ጋምቤላ ከተማ ይደርሳል፣ አብዱልከሪም ሱቅ ያርፋል፣ እሱ ወደ አቦቦ ሸቀጥ ሲጭን ያመጣልሻል። መንገድ ላይ ከፍቶ የሚያነበው አንድ አስር አለቃ አለ። አስር አለቃ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጋ ትንሽ ይሳቁ።

የምህንድስና ሻለቃ ተመድበናል፣ እኔና አብሮኝ ከአቦቦ የወጣው አኳይ። መሐንዲስ ሲሉሽ ቆብና እርሳስ እንዳይመስልሽ፤ ብረት ተሸካሚ ነን። ድልድዩ በቁራጭ ይመጣል፤ አንዱን ቁራጭ ስድስት ሆነን እንሸከምና ቀድሞ ከተቀመጠው ጋር ገጥመን እናወርደዋለን። አንድ እጃችን መሸከሚያውን ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ገብቶ ብረቱን ወደ ቦታው ይመራዋል። እዚህ ላይ ሕግ አለ። ከሥር ያለው እጁ የወጣለት ሰው «አለሁ» ይላል። ሃምሳ አለቃ በሪሁን ስድስት «አለሁ» በጆሮው ካልሰማ «ልቀቅ» አይልም፤ ሰማይ ቢወድቅ አይልም። ሌላ ወሬ ክልክል ነው። ሦስተኛ ጓድ የሚባሉት ጎረቤቶቻችን ጡንቻቸው እንደ በሬ ነው፤ ግን ሲሸከሙ ይጨቃጨቃሉ፣ ስድስቱም አዛዥ ናቸው። እኛ ከሲታዎቹ ቀድመናቸው ጨርሰን ሻይ ስንጠጣ እነሱ ገና ማን ገፋኝ ላይ ናቸው።

አኳይ «አለሁ» ሲል መረብ የሚጎትት ነው የሚመስለው። «አ…ለ…ሁ»፤ እስኪወጣ ድረስ ዓሣው ያመልጣል። ድምፁን አንድ በአንድ ወስጄዋለሁ፤ ድንኳን ውስጥ በእሱ ድምፅ ሳወራ ከስድስታችን አንዱ ኻሊድ ሁለት ጊዜ ተታሎ መልሶልኛል። የሃምሳ አለቃንም ጀምሬያለሁ፣ ግን እሱ ጉሮሮው ውስጥ ጠጠር አለ፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ሚጥሚጣ ላኪልኝ። የባትሪ ድንጋይም። ካገኘሽ ደግሞ የዳኛ ፊሽካ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂ። ለአኳይ እናት ልጅሽ ወፍሯል በያት።

የማትኮሪብኝ ግን የማትክጂኝ ዘመድሽ፣
ልዑልቃል

—

ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.
አቦቦ

ለልዑልቃል፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። በወጣህበት ደጅ እግዚአብሔር በሰላም ያስገባህ። እኛ ደህና ነን። ወባው በርትቷል፤ ሩዙ ሊደርስ ነው፤ ግሬደሩ ግድቡ ጋ ተበላሽቶ መንገዱ እንዳለ ነው።

ሚጥሚጣውንና የባትሪ ድንጋዩን ልኬያለሁ። ፊሽካው አይላክም። በጤና ጣቢያው ግቢ የአምቡላንስ ጩኸት አስመስለህ የተኛ ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ ያስወጣህበትን ቀን አልረሳሁም። ምጥ የያዛቸው ሁለት ወላዶች ነበሩ፤ አንዷ እዚያው በር ላይ ወለደች። ልጁን ባንተ ስም ሊጠሩት ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተውኳቸው።

ለአኳይ እናት ነገርኳት። «ወፍሯል» ስላት ቆይታ በአማርኛዋ «ልዑልቃል ነው ያለው?» አለችኝ። አዎ ስላት ሳቀችና «እንግዲያው ከስቷል» አለች። ሴት ልጇን ኛጉዋን እንድታስተረጉማት አስጠርታ ደብዳቤህን ደግማ አስነበበችኝ።

አንድ ምክር፤ የሰው ድምፅ የሰው ነው። ድንኳን ውስጥ ይሁን።

የትናየት

—

ጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.
ያው ወንዝ

ለእትዬ የትናየት፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሚጥሚጣው ደርሷል።

ሥራ ብዙ ነው፤ ስለዚህ አጭር ነው የምጽፈው። አንድ ነገር በሙያሽ ልጠይቅሽ ነበር። ጣት ብረት ሲያርፍበት፣ ማለት ትንሽ ሲያርፍበት፣ እንደ ድሮው ይሆናል ወይስ አይሆንም? ለአንድ ሰው ነው።

አኳይ ለትንሽ ነገር ሆስፒታል ሄዷል፣ ይመለሳል። ለጊዜው ወደ እናቱ ቤት ባትሄጂ ጥሩ ነው፤ ወባም በርትቷል ብለሻል።

ምንም አትላኪልኝ።

ልዑልቃል

—

ኅዳር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.
አቦቦ

ለልዑልቃል፤

እግዚአብሔር ይማርህ ልበል ወይስ ይማረው፣ ማንን እንደሆነ ሳትነግረኝ እንዴት ልመርቅ?

ወንድሜ፣ እኔ ነርስ ነኝ። «ትንሽ ሲያርፍበት» የሚባል ጉዳት የለም። የየትኛው እጅ? የትኛው ጣት? አጥንቱ ወጥቷል? ቀለሙ ምን ነበር? ሰውየውስ ማን ነው? ለትንሽ ነገር ከግንባር ሆስፒታል የሚልክ ጦር ሰምቼ አላውቅም። አንተ ደግሞ በሕይወትህ «ምንም አትላኪልኝ» ብለህ አታውቅም፤ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

ወደ አኳይ እናት ቤት አትሂጂ አልከኝ። ጤና ጣቢያ የምሄደው በደጇ ነው። ትናንት በገበያው በኩል ዞሬ ሄድኩ፤ ማታ ስመለስ መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሰላም ብላኝ ጫማዬን አየች፤ ጭቃው የገበያው ጭቃ መሆኑን አይታ ገባች።

እዚህ አገር በአኳይ ወገኖችና በኛ መካከል «እናንተና እኛ» ተብሎ የሚጀመር ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ አንተም ታውቃለህ። ከሌላ አፍ ከመድረሱ በፊት ነገሩን እንዳለ ጻፍልኝ።

የትናየት

—

ኅዳር 20 ቀን 2014 ዓ.ም.
ወንዙ እንዳለ ነው

ይድረስ ለእትዬ የትናየት፤

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። እሺ። ቀኝ እጅ። መሀለኛውና የቀለበቱ። ሁለቱም የሉም። የአኳይ ናቸው።

አንቺ «ድንኳን ውስጥ ይሁን» ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ከሚጥሚጣው ጋር፣ አደጋው በደረሰ በነጋታው ነው። ስለዚህ አልሰማሁም ማለት እችል ነበር፤ ብሰማም ግን እንደማደርገው ታውቂያለሽ።

ጠዋት ነበር፣ ብርድ። ቁራጩን ገጥመን ለማውረድ ቆመናል። ኻሊድ አለሁ አለ፣ ኤልናታን አለ፣ ሁለቱ ወሎዬዎች አሉ፣ እኔ አልኩ። አኳይ እንደ ልማዱ ቆየ። ሁሉም እየጠበቀው ነው። እኔ ታዲያ በእሱ ድምፅ «አ…ለ…ሁ» አልኩ፤ መረቡን ጭምር ጎተትኩት። አሳምሬዋለሁ እትዬ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አሳምሬ አላውቅም። ሃምሳ አለቃ ስድስት ሰማ። «ልቀቅ» አለ።

አኳይ አልጮኸም። የጮኸው ኤልናታን ነው።

እኔ ነኝ ብዬ ወዲያው ተናገርኩ፤ መደበቂያም አልነበረውም፣ ከእኔ በቀር በሰው ድምፅ የሚያወራ የለም። ሻምበሉ የሚቀጣውን ቀጣኝ፤ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ደፈንኩ፣ መልሼ ቆፈርኩ። ያ ቀላሉ ነው። ሃምሳ አለቃ በሪሁን ግን ሳይቆጣ ጠራኝና «ብረቱ ቀልድህን አያውቅም፤ እኔም ከእንግዲህ ድምፅህን አላውቀውም» አለኝ። ከዚያ ከብረት አወጣኝና ሻይ አፍላ አለኝ።

ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር፤ ስድብ እችላለሁ። አይሰድቡኝም። ሻይ ፈልቷል ስላቸው አንዱ ተነስቶ ክዳኑን ከፍቶ ያያል። ዝናብ መጣ ስል ወደ ሰማይ ያያሉ። ጠዋት ስም ሲጠራ «አለሁ» ስል ሁሉም ዞረው በዓይናቸው ያረጋግጣሉ። ኻሊድ ብቻ አንድ ቀን፣ ስኳር ጨምሬያለሁ ስለው ቀምሶ፣ «እውነት ነው» አለ። ደስ አለኝ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ።

ጓዱ አሁን አራት ተሸካሚ ነው ያለው። ሃምሳ አለቃ ራሱ ከብረቱ ሥር ገባ፤ ከሦስተኛ ጓድ አንድ ጉልበተኛ ተበደርን። ጉልበተኛው እጁን ሳያወጣ «አለሁ» ይላል፣ ለእሱ ወሬ ነው። ሃምሳ አለቃም ከሥር ሆኖ የሁሉን እጅ ማየት አይችልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ «አለሁ» በኋላ ብረቱን አቁመው ጎንበስ ብለው ያያሉ። አንደኞች የነበርነው መጨረሻ ሆንን። ከወንዙ ማዶ ቁስለኛ የጫኑ መኪኖች ድልድዩን ይጠብቃሉ፤ ከሻይ እሳቴ አጠገብ ሆኜ አያቸዋለሁ።

ሰው ሁሉ ያው ነው፣ ብረቱም ያው ነው፣ ወንዙም። የጎደለው ያ አጭር ቃል መታመኑ ነው።

ወደ ሌላ ሻለቃ እንዲያዛውሩኝ ላመልክት አስቤያለሁ። እዚያ ድምፄን አያውቁትም። ምን ትያለሽ? ለእናቱ አንቺ ንገሪያት፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።

ልዑልቃል

—

ኅዳር 28 ቀን 2014 ዓ.ም.
አቦቦ

ለልዑልቃል፤

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ፤ ከሰጠህም ያቆይልህ።

ማመልከቻውን አታስገባ። እዚያ ድምፅህን አያውቁትም አልክ፤ እዚህ የሚያውቁት ስለሆነ ነው መቆየት ያለብህ። ሻይህን አፍላ። ክዳኑን ይክፈቱ። አንድ ቀን ሳይከፍቱ ይጠጣሉ፤ ያን ቀን እዚያው ካልሆንክ አታየውም።

ለእናቱ አልናገርም። ቃሉን ባፌ አልሸከምልህም። በሰው አፍ መናገር ምን እንዳመጣ አይተኸዋል። ራስህ ጻፍላት፣ ኛጉዋ ታነብላታለች። «ትንሽ» የምትል ቃል እንዳታስገባ። ቀልድም አይግባ።

እኔ እስከዚያ በገበያው በኩል መዞሬን ትቻለሁ። በደጇ ነው የማልፈው። ሰላም ትለኛለች፣ ሰላም እላታለሁ፤ ሁለታችንም እየጠበቅን ነው።

የትናየት

—

ታኅሣሥ 21 ቀን 2014 ዓ.ም.
ከወንዙ ማዶ

ለእትዬ የትናየት፤

እንደምን ሰነበትሽ። ከዚህ ጋር ሌላ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ እሱ ለአኳይ እናት ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ውስጥ ቀልድ ገባ፣ ቀደድኩት። ሁለተኛው ውስጥ «ትንሽ» ገባች። አስር አለቃም ይሄኛውን ሳያነበው አሽጎታል፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

አኳይ ተመለሰ። እረፍት ሰጥተውት ነበር፣ አቦቦ መምጣት ይችል ነበር፤ እምቢ አለ። ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም፣ እሱም ወሬ አያበዛም። እኔን አየኝ፣ ሻይ ቀዳሁለት፣ በግራ እጁ ተቀበለኝ። ክዳኑን ከፍቶ አላየም። ግን አላናገረኝምም።

በሦስተኛው ቀን ድልድያችን ተመታ። መሀል ላይ ጥቂት ቁራጮች ወደ ውሃ ገቡ። መኪኖቹ ማዶ ቀርተዋል፤ ከባድ መሣሪያው ደግሞ አልቆመም። ሩቅ ነው የሚወድቀው ይላሉ ልጆቹ፤ የእኔ ሩቅና የእነሱ ሩቅ ግን አይመሳሰልም። ማዶ ሆኖ የሚመራ ሰው ስለጠፋ ሃምሳ አለቃ ራሱ በጀልባ መሻገር ነበረበት። የተበደርነው ጉልበተኛ ወደ ጓዱ ሄዷል። ኻሊድና ኤልናታን፣ ሁለቱ ወሎዬዎች፣ ከሌላ ጓድ የመጣ አንድ ልጅ፤ አምስት። ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ አየ። ብዙ አየ። ከዚያ «የአኳይ ማዕዘን» አለኝ። ታዲያ «ልቀቅ» የሚለውን ማን ይጠራል ሲባል አኳይ በርሜል ላይ ወጣ። ለመጥራት እጅ አያስፈልግም።

ተሸከምን። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በጫማችን ይሰማናል፣ እግራችን ግን አንድ ላይ ነው የሚነሳው፤ ያልተማከርነው ነገር ነው። ደረስን፣ ገጠምን። አንድ «አለሁ»፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

የእኔ አልወጣም።

እጄ ወጥቷል እትዬ፣ ከሁሉም በፊት ነው የወጣው። አፌ ነው የቀረው። ብረቱ እጃችን ላይ ነው። የኻሊድ ወገን ዝቅ እያለ መሆኑ በመሸከሚያው በኩል ይሰማኛል። አንድ ሰው ስለ እኔ «አለሁ» ቢል ያልቅ ነበር። እጄን ያዩ ነበሩ፣ ኤልናታን አጠገቤ ነው። አላለም። ማንም አላለም። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አላስቸኮለኝም፤ ዝም ብለው ተሸከሙ።

አኳይ ከበርሜሉ ላይ፣ በዚያው መረብ በሚጎትት ድምፁ፣ «የልዑልቃልን አልሰማሁም» አለ። ጠበቀ። ማዶ አንድ ነገር ወደቀ፣ እሱ ግን ወደዚያ ዞሮም አላየም።

«አለሁ» አልኩ። እንደ ጫጩት ነው የወጣው፤ ግን የራሴ ነው።

«ልቀቅ» አለ።

ሌሎቹን ቁራጮች እንዴት እንዳስገባናቸው አላስታውስም፤ ፈጣን ነበርን። መኪኖቹ ተሻገሩ። ከዚያ ወርጄ ሻይ አፈላሁ። ሃምሳ አለቃ ከማዶ ተመልሶ ጠጣ። ክዳኑን አልነካም።

የእናቱን መልስ እጠብቃለሁ። ባትመልስም ይገባኛል።

ልዑልቃል

—

ጥር 8 ቀን 2014 ዓ.ም.
አቦቦ

ለልዑልቃል፤

ሰላም ላንተም ለጓዶችህም። ስለ በርሜሉ ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ስጨርስ ግን ተቀምጬ ነበር።

ወረቀትህን ራሴ ወስጄ ሰጠኋት። ኛጉዋ በቋንቋቸው እየመለሰች አነበበችላት። የአባቱ ወንድምም ነበር። ጣቶቹ ላይ ስትደርስ እሱ ተነሳ። ወደ እኛ ሰፈር ሊመጣ፣ ስለ ጣቶቹ አባትህን ተጠያቂ ሊያደርግ ነበር፤ ብቻውንም አይመጣም ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ፣ ጭንቀቴን አልነግርህም። እናትየው ተቀመጥ አለችው። ከዚያ ኛጉዋን ሁለት ነገር ጠየቀቻት። አንደኛው፣ ይሄን የጻፈው ራሱ ልጁ ነው ወይስ ሌላ ሰው ጻፈለት? ኛጉዋ ጽሕፈትህን አሳየቻት፤ ያንተን ጽሕፈት ማንም ሌላ ሰው ሊጽፈው እንደማይችል ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቃለች። ሁለተኛው፣ አኳይ አሁን የሚበላው በየትኛው እጅ ነው? ይሄንን አልጻፍክም።

ከዚያ ለአባቱ ወንድም ረጅም ነገር ተናገረች። ኛጉዋ ያሳጠረችልኝን ልጻፍልህ፤ «ልጄ ወደ ቤቱ መምጣት ሲችል ወደዚያው ተመለሰ። የሚፈርደው እሱ ነው፣ እኛ አይደለንም። እስኪነግረን እንቀመጥ» ነው ያለችው። ሰውየው ተቀመጠ። ቡና አልጠጣም፣ ግን ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ ይሄን ጥቅል ሰጠችኝ። የደረቀ ዓሣ ነው፣ ከአልዌሮ። ጥቅሉ አንድ ነው፤ ሁለት አላደረገችውም። ከአንድ ሳህን ትበላላችሁ ብላለች። አጥንቱን የምትለቅመው አንተ ነህ። ዛሬ ብቻ እንዳይመስልህ። አኳይ ዓሣ በቀረበለት ጊዜ ሁሉ፣ እዚያም እዚህም፣ ስታረጁም።

ይቅር አልኩህ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳት። አጥንቱን ልቀም።

የትናየት

—

ጥር 26 ቀን 2014 ዓ.ም.
ሌላ ወንዝ፣ ያው ብረት

ይድረስ ለመርፌዋ እመቤት፤

እትዬ፣ ከጥምቀት ወዲህ እንዴት ነሽ? ጸበሉ ደርሶሻል ወይስ አሁንም እንደኛ አቧራ ብቻ ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ዓሣው ደርሷል። መልእክቱን ለአኳይ አነበብኩለት። ሰማኝና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። ለቀምኩ። ይሄ ዓሣ ከአጥንት የተሠራ ነው፤ እናቱ መርጣ ነው የላከችው ብዬ እጠረጥራለሁ። እሱ በግራ እጁ ይበላል፣ እኔ እለቅማለሁ፣ ኻሊድና ኤልናታን እንደ ኳስ ጨዋታ ዙሪያችንን ተቀምጠው ያያሉ። አንዲት አጥንት አመለጠችኝ። ከአፉ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጣትና አየኝ። ይቅርታ አልኩ። «አንድ» አለ። ሊቆጥርብኝ ነው ማለት ነው፣ ስናረጅ ስንት ትደርሳለች።

እንዲህ እያለን ሃምሳ አለቃ ከውጭ «ውሃ የሚያመጣ፤ ልዑልቃል የት ነው?» ብሎ ተጣራ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አንድ ሰው በእኔ ድምፅ፣ በዚያ በሚሮጠው፣ ሳቅ በሚቀድመው ድምፅ፣ «አለሁ ጌታዬ፣ መጣሁ ጌታዬ፣ ደስ እያለኝ» አለ።

ኤልናታን ማኘኩን አቆመ። ሁሉም አኳይን፣ ከዚያ እኔን አየ። አኳይ ዓሣውን ይበላል፤ ቀና አላለም። እኔ እንዲህ የሚመስል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ ደስ አይልም። መጀመሪያ የሳቀው ኻሊድ ነው። ከዚያ ማን እንዳልሳቀ ልነግርሽ አልችልም፤ ውጭ የነበረው ሃምሳ አለቃ እንኳ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ጠጠር ሲንከባለል ተሰማ።

ውሃውን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ።

ልዑልቃል